ጋሽ ኤጀታ ለምን ተመለሱ?

እኛ ሰፈር፣ ወሰን፣ ሰው ውጭ አገር ሄዶ፣ ደስ ብሎት፣ በገዛ ፈቃዱ መመለስ እንደማይፈቀድለት ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው። መሄድ ይፈቀዳል፤ ሆ ተብሎ ይሸኛል። መቅረትማ ይጨበጨብለታል። ተይዞ መባረርም ያለ ነገር ነው፤ ይታዘንለታል፣ ዳቦ ይወሰድለታል። ሄዶ፣ አይቶ፣ «በቃኝ፣ ቤቴ ልግባ» ብሎ ሻንጣውን እየጎተተ ለሚመጣ ሰው ግን ምን እንደሚባል አናውቅም። ኧረ እንዲያውም እንደ ጥፋት ነው የምንቆጥርበት! ይሄን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እኔ ፋዲላ እባላለሁ። የመገናኛ ሚኒባሶች ከሚጭኑበት ማዶ ያለችው ሱቅ የኔ ናት። ግድግዳ የምንጋራው ጎሚስታ ደግሞ የጋሽ ኤጀታ ነው። ኮምፕሬሰራቸው ሲነሳ የኔ መደርደሪያ ላይ ብስኩቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ስንት ጊዜ ተጣልተናል በዚህ! ግን ክፉ ሰው አይደሉም። የተወለዱት እንጦጦ፣ ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባህር ዛፉ ውስጥ ነው። «ጭጋጉ ቤት ገብቶ አብሮን ያድር ነበር» ይላሉ። ያ ብርድ ዛሬም ከአጥንታቸው አልወጣም፤ ከሥራ ቱታቸው ሥር ሁለት ሹራብ ደርበው ነው ጎማ የሚፈቱት።

እንግዲህ እኚህ ሰው አንድ አመል አላቸው። ጎሚስታው ግድግዳ ላይ የአንድ ጎማ አስመጪ የድሮ ካላንደር ተሰቅሏል። ቀኑ ተቀዶ አልቆ የቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባህር፣ ወደ ውሃው ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሁለት ባዶ ወንበሮች። ከታች በትንሹ «ዛንዚባር» ይላል። ጋሽ ኤጀታ ጎማውን ገንዳ ውስጥ ነክረው ቀዳዳውን ይፈልጉና፣ ያንን አረንጓዴ ቆሻሻ ውሃ ሲያዩ ቆይተው ቀና ብለው ሥዕሉን ያያሉ። ባሌ ጀማለዲን ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ጎማ ሊያስሞላ በቆመ ቁጥር «ጋሼ፣ ባህሩ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ይላቸዋል። «ሰላም ነው፣ ማዕበል የለም» ይሉታል፣ ኮስተር ብለው።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩብርሃን ምሳ ይዘው ሲመጡ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ሥዕሉን ያያሉ።

«ዛሬም እነዛ ወንበሮች ላይ ሰው አልተቀመጠም?»

«እንዴት ይቀመጣል? ለኛ ተይዘው!»

ይሄን ሁልጊዜ ይላሉ፣ ሁልጊዜም ይስቃሉ። ሌላ ቀልድ የላቸውም።

ልጃቸው ርሆቦት ቲኬት ቢሮ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት መሥሪያ ቤቷ ለአንድ የቤተሰብ ሰው የዛንዚባር ጉዞ ሰጣት፤ ሆቴሉም ምግቡም የተከፈለ፣ ለአንድ ሳምንት። መጥታ ጎሚስታው በር ላይ እየዘለለች ነገረቻቸው። «ዳዲ፣ ቫኬሽን ነው! ሪላክስ ብለህ ትመጣለህ፣ ዛትስ ኢት!»

ጋሽ ኤጀታ ጎማ መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። መጀመሪያ «እናትሽ ትሂድ» አሉ። እትዬ ጥሩብርሃን ግን አውሮፕላን በጭራሽ አይደፍሩም። «ሥዕሉ ላይ ስታፈጥ የኖርከው አንተ ነህ» አሏቸው። «ሂድና አይተህ ንገረኝ።»

እዚህ ድረስ ምን ክፋት አለው? ምንም። ክፋቱ የጀመረው ሰፈሩ ሲሰማ ነው።

መጀመሪያ የመጡት የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዘረሰናይ ናቸው። ጋሽ ኤጀታን አቅፈው ጀርባቸውን መቱ። «በስተርጅናህ በር ተከፈተልህ!»

«ለእረፍት ነው እኮ የምሄደው» አሉ ጋሽ ኤጀታ። «አንድ ሳምንት ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ ለእረፍት ነው» ብለው ጋሽ ዘረሰናይ ዓይናቸውን ጠቀሱ። «እዛም ሲጠይቁህ እንደዚሁ በል።»

«ዘረሰናይ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት ነው የያዝኩት!»

«ጎሽ! እሱማ የግድ ነው፤ ያለ ደርሶ መልስ ይጠረጥሩሃል።»

ከዚያ በኋላ ምን ቢናገሩ ማን ይሰማቸዋል! «እመለሳለሁ» ባሉ ቁጥር ሰዉ «እንዴት ያለ ብልጥ ሰውዬ ነው» እያለ ያደንቃቸዋል። አብሯቸው የሚሠራው ፈዬራ፣ ጺሙን ያሳደገ ትልቅ ሰው፣ ጆሯቸው ሥር ገብቶ «ጋሼ፣ እኔ ነቄ ነኝ፤ ትንፍሽ አልልም» አላቸው። ግራ ገባቸው። ወደ እኔ ዞረው «ፋዲላ፣ አንቺ እንኳን ታምኚኛለሽ አይደል?» አሉኝ። «ኧረ አምናለሁ፣ ወላሂ!» አልኩ። ማመኑንስ አምኜ ነበር።

ከዚያ ዕቃው መጣ። ፀጉር ቤት ያላት ፀዲ ቤይሩት ላለች እህቷ በርበሬ አምጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ዛንዚባር ደሴት ነው። ቤይሩት ሌላ አገር ነው።»

«ውጭ አይደለም እንዴ ጋሼ? እዛ ከደረሰ ሰው አይጠፋም።»

ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቆሎው ተከመረ። እኔም ዱባይ ላለችው እህቴ አንዲት ትንሽዬ ፌስታል ሰጠኋቸው። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ለዘመዱ ሲልክ የኔዋ ዘመድ አልባ ናት?

ሽኝቱ የሠርግ ያህል ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መጥተው ዘመሩ፣ ጸሎት ተደረገ፣ የኛም ሰው ዱዓ አደረገ። ጋሽ ዘረሰናይ ንግግር አድርገው «ባለህበት አትርሳን» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እትዬ ጥሩብርሃን ደግሞ ያቺን ባለ አረንጓዴ ጥለት ነጠላቸውን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ። በኔ ሻርፕ ነው ያለቀሱት።

«እትዬ፣ ይመለሳሉ እኮ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሚስቱ ዝም ብል ምን ይሉኛል?» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ትንሽ ቆይተው ግን እጄን ያዙኝ። «ፋዲላ፣ ይመለሳል አይደል?»

አንጀቴን በሉት። ሰው እየሳቀ የጀመረውን ነገር አልቅሰው ሲያሳዩት፣ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ይገባል መሰለኝ።

በማግስቱ ጋሽ ኤጀታ ደወሉ። እትዬ ሱቄ ነበሩ፤ ስልካቸውን ሁልጊዜ ላውድ ላይ አድርገው ስለሆነ የሚያወሩት እኔም ሰማሁ። «ጥሩዬ፣ ዝም ብለሽ ስሚ!» አሉ። ከዚያ «ሽሽሽሽ… ሽሽሽሽ…» የሚል መጣ።

እትዬ ደነገጡ። «ምንድን ነው የሚተነፍሰው? እዛም ጎማ ነው የምትሠራው?»

«ባህሩ ነው ጥሩዬ! ባህሩ!»

«ታዲያ የት ጋ ነው የተበሳው?»

ጋሽ ኤጀታ በሳቅ ሞቱ። እኔም መደርደሪያዬን ተደግፌ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አመሻሽ ላይ እየደወሉ ባህሩን ያሰሟቸዋል፤ ውጭ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል፣ እትዬ ጥሩብርሃን የኔ የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። «ዛሬ ረጋ ብሏል» ይላሉ ለኔ፣ የሚያውቁት ይመስል።

በዚያች አንድ ሳምንት ግን ፈዬራ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የጎሚስታውን በር «ፈዬራ ጎሚስታ» ብሎ አጻፈ። ካላንደሩን አውርዶ የራሱን ፎቶ ሰቀለ። ካላንደሩን እትዬ ጥሩብርሃን ናቸው ከመሬት አንስተው ወደ ቤት የወሰዱት። ይባስ ብሎ ለአንዲት የየካ ሚካኤል ልጅ ሽማግሌ ላከ፤ ባለ ጎሚስታ ነው ተብሎ እሺ ተባለ። ሰውዬው ገና ሆቴል ገብተው ሻንጣ ሳይፈቱ ይሄ ታጨ!

የተመለሱ ቀን ጀማለዲን ከመገናኛ ደወለልኝ። ድምፁ ተቀይሯል። «ፋዲላ፣ ጋሽ ኤጀታን አሳፍሬያቸዋለሁ። ከስለው መጥተዋል። ተሳፋሪው ሁሉ አይዞዎት እያላቸው ነው። ምን ልበላቸው?»

«እንኳን ደህና መጡ በላቸዋ፣ አንተ ሰውዬ!»

«እሱን ማለት ከበደኝ» አለ።

ጋሽ ኤጀታ በነጠላ ጫማ፣ አበባ አበባ ባለው ሸሚዝ፣ ኮኮናት ታቅፈው ከሚኒባሱ ወረዱ። ከወሰን ጭቃ ላይ ሆነው «ሰላም ነው?» አሉን። ሰላም የመለሰላቸው የለም። ፈዬራ ሮጦ መጥቶ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። «ጋሼ፣ ተያዙ እንዴ?»

ማታውን ሰፈሩ ዳቦና ስኳር ይዞ ቤታቸው ሞላ። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ። ጋሽ ዘረሰናይ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ምን አደረጉህ?»

«ምንም! ዋኘሁ።»

«ዋኘህ?» ጋሽ ዘረሰናይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጀልባው ተገልብጦ ነዋ።»

«ምን ጀልባ?»

«ተወው፣ ተወው፣ አታስታውሰው። ይሄ ሁሉ ጥቁረትስ?»

«ፀሐይ ላይ ተኝቼ ነው።»

«ፀሐይ ላይ አስተኙት!» አለች ፀዲ፣ ደረቷን ይዛ። እሷ በርበሬዋ እንደታሸገ ስለተመለሰላት ካሁን አሁን ታለቅሳለች እያልን ነበር። ኮኮናቱን ፈዬራ ጎማ በሚፈለቅቅበት ብረት ፈልጦ ለሁሉም አካፈለ። ጋሽ ዘረሰናይ አንዷን ቅንጣት አኝከው አኝከው በግድ ዋጡ። «ይሄን ነው ሲያበሉህ የከረሙት?» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

እሳቸው ያልነገሯቸው የለም። ሆቴል ነበርኩ አሉ፣ ማንም አላባረረኝም አሉ፣ ቲኬቱን አሳዩ። ምን ዋጋ አለው! ቦታው እንዴት እንደሚያምር በተናገሩ ቁጥር ነገሩ ይበላሽባቸዋል። እንደዚያ የሚያምር ከሆነ ለምን ተመለሱ? በፈቃዳቸው ከተመለሱ ደግሞ ጤነኛ አይደሉም! የቤተ ክርስቲያናቸው ምዕመናን የጸሎት ፕሮግራም ያዙላቸው። ኦርቶዶክሶቹ ጎረቤቶች «እንጦጦ ወጥተው ቢጠመቁስ?» አሏቸው። የኔው ባል ሳይቀር «አንድ ሼህ አውቃለሁ» ብሎ ጀመረኝ፤ በማማሰያ ነው ያባረርኩት።

ጎሚስታቸው ሲሄዱ ፈዬራ ወንበር አቅርቦ ያስቀምጣቸዋል። «ጋሼ ይረፉ» እያለ ብረት አያስነካቸውም። «ሽማግሌ ልኬአለሁ እኮ፤ ባለ ጎሚስታ ነው ብለው ነው የሰጡኝ» ብሎ ይለማመጣቸዋል። ደንበኞቹም ቢሆኑ ጎማቸውን ለሳቸው መስጠት ፈሩ። በገዛ ጎሚስታቸው በር እንግዳ ሆነው፣ አበባ ሸሚዛቸውን በሁለት ሹራብ ሸፍነው፣ ዝናቡን እያዩ ይውላሉ።

አንድ ቀን ወደ ሱቄ ገቡ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። «ፋዲላ፣ ሌላው ሌላው ይቅር። ጥሩዬ ጠፋችብኝ» አሉኝ።

«እንዴት ጠፉ?»

«አብራኝ አለች፣ ግን ዝም ብላለች። ሴቶቹ ቡና ጠርተው የሆነ ነገር ነግረዋታል። ማታ ‹እውነቱን ንገረኝ፣ ለምን ተመለስክ?› አለችኝ። እሷ እንኳን! ለሷ ስል ነው እኮ…» አሉና ሳይጨርሱት ትተውት ወጡ። ልከተላቸው ብዬ ደንበኛ መጣብኝ።

እሑድ ጋሽ ዘረሰናይ ሰዉን በድጋሚ ሰበሰቡ። «ቁርጡን ይናገርና ይገላገል» ብለው ነው። እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። እትዬ ጥሩብርሃን በር አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ኤጀታ ተነሡ። ሚስታቸውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ከዚያ እንደ ተከሳሽ እጃቸውን አጣምረው ተናገሩ።

«መጥፎ አገር ነው» አሉ።

ሰዉ ቀና አለ።

«ሙቀቱ አያስተኛም። ውሃው ጨው ነው፣ አይጠጣም። አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ዛፉም ቢሆን ሥዕሉ ላይ ነው እንጂ እንደዛ አያምርም። ባህሩ… ባህሩም ምንም አይደለም። አስጠላኝና መጣሁ።»

«እኮ!» ብለው ጋሽ ዘረሰናይ ጭናቸውን መቱ። «ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግረን ምን ነበረበት?» ቤቱ ተነፈሰ። ሰው መሳቅ ጀመረ፣ ሻይ ተቀዳ፣ «ካገር የሚበልጥ የለም» ተባለ፣ ፈዬራ ሳይቀር «ነገ ሥራ ይግቡ ጋሼ፣ አብረን እንሠራለን» አለ። በቃ፣ ሰውዬው ምሕረት አገኙ። እኔ ግን ንድድ ብሎኝ ነበር። በየቀኑ አመሻሽ ያንን ባህር ስሰማ የከረምኩ እኔ ነኝ እኮ! አስጠላኝ ያለ ሰው እንደዚያ አይስቅም።

ይሄኔ ፀዲ፣ የማያርፍ እጅ ያላት፣ የጋሽ ኤጀታን ስልክ አንስታ ፎቶ ታያለች። ድንገት እጇ ቆመ።

«ጋሼ፣ አጠገብዎ ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት ማናት?»

ሻይ የሚቀዳው ሰው እንኳን ቀድቶ አልጨረሰም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ነጭ አሸዋ ነው፣ ሰማያዊ ባህር ነው። ሁለት ወንበር አለ፤ አንደኛው ላይ ጋሽ ኤጀታ በቁምጣ ጥርሳቸው ፈገግ ብሎ ተቀምጠዋል፣ በሌላው ላይ ነጭ የለበሰች የምትመስል ነገር አለች። የሚቀጥለው ፎቶም እንደዚያው ነው፣ የሚቀጥለውም። በየቀኑ ነው። ጋሽ ዘረሰናይ መነፅራቸውን አወለቁ። «ለካ ነገሩ ሌላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ጋሽ ኤጀታ ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ላብ አጠመቃቸው። በአላህ፣ እኔም ጠረጠርኳቸው።

እትዬ ጥሩብርሃን ተነሥተው መጡ። ስልኩን ከጋሽ ዘረሰናይ እጅ ተቀበሉ። አራቁት፣ አቀረቡት፣ አራቁት።

«ሴት አይደለችም» አሉ።

«እንግዲህ ጥሩብርሃን፣ አይዞሽ፣ እግዚአብሔር…»

«ሴት አይደለችም አልኩህ ዘረሰናይ! ነጠላ ነው። የኔ ነጠላ ነው፣ ጥለቱን አላውቀውም እንዴ? በሽኝቱ ቀን ቤቱን ገልብጬ የፈለግሁት!» ወደ ባላቸው ዞሩ። «ለምን ወሰድክብኝ?»

ጋሽ ኤጀታ መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። «ወንበሩ ሁለት ነው» አሉ። «ባዶውን ማየት አቃተኝ።»

እትዬ ጥሩብርሃን ስልኩን ደረታቸው ላይ ያዙት። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ኧረ ምን ማልቀስ፣ ቁጣቸው ገነፈለ። በእንደዚያ ዓይነት ድምፅ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው መጥፎ ነው የምትለው? ለነዚህ ብለህ? በየቀኑ አሰምተኸኛል፣ አውቀዋለሁ እኮ! በል አሁን እንደነበረው ንገራቸው።»

«አምላኬ ምስክሬ ነው» አሉ ጋሽ ኤጀታ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ከሥዕሉ ይበልጣል። ዕድሜዬን ሁሉ እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ?» አለ ፈዬራ። የሞተ ጥያቄ! በክርኔ ነው የጎሸምኩት።

«ነጠላው አያወራማ» አሉ ጋሽ ኤጀታ።

ጋሽ ዘረሰናይ መነፅራቸውን ብዙ ጠረጉ። ሰዉ አንድ በአንድ ጫማውን እየፈለገ ወጣ፤ አንዳንዱ አሁንም ራሱን ይነቀንቃል። በር ላይ ስደርስ ፀዲ «ስለዚህ ሁለቱም ታመዋል ማለት ነው?» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከሱቄ የምትወስደውን ዳቦ ከለከልኳት።

አሁን በሩ ላይ «ኤጀታና ፈዬራ» ነው የሚለው። ፈዬራም አገባ፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ግማሽ ጎሚስታም ጎሚስታ ነው ብለው ተቀበሉት። ካላንደሩ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ጋሽ ኤጀታን ብልጥ የሚላቸው የለም፣ የሚያዝንላቸውም ቀንሷል። እትዬ ጥሩብርሃን አመሻሽ ላይ ያቺን ነጠላ ለብሰው ይመጡና በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ ኤጀታም አጠገባቸው ቁጭ ብለው የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይይዙና አየሩን ቀስ እያደረጉ ይለቁታል፤ ሽሽሽሽ… ሽሽሽሽ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። በአጠገቡ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ደንግጦ ወርዶ ጎማውን ያያል። ፈዬራ «ጋሼ፣ አየሩን ጨረሱት እኮ!» እያለ ይነጫነጫል። እኔም ባህር አይቼ አላውቅም፤ ደንበኛ ከሌለ በርጩማዬን ይዤ እሄድና ከእትዬ ጎን እቀመጣለሁ።